ለሌላ ሙሽራ የተገጠመ ሞተር

ያለፈው ሳምንት ካመለጣችሁ አትጨነቁ፤ የእኛ ሰፈር ወሬ ደግሞ ቢነገር አይሰለችም። ኡዴኒ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ጋራዥ የያዘው የሱማናፓላ ባስ ልጅ ናት። ባስ የምንለው በእጁ ሙያ ያደረውን ሁሉ ነው፤ እሱ ግን የከተማችን የጋምፖላ መኪኖች ሁሉ ሐኪም ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የእሱ ጆሮ ይሰማል፣ የልጅቷ እጅ ይሠራል። ሱራንጋ ደግሞ ኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያየን ዋላውዋ፣ የዚያ የባላባት ቤት፣ አንድያ ልጅ ነው፤ በከተማው ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ሁለቱ ይዋደዳሉ። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ዳቦ ሻጩ ያውቃል፣ የካንዲ አውቶቡስ ነጂዎች ሁሉ ያውቃሉ። የማያውቁት የሱራንጋ እናት ቲኪሪ ኩማሪሃሚ ብቻ ነበሩ፤ ወይም እንደዚያ መስሎን ነበር።

ኩማሪሃሚ ለልጃቸው ሙሽራ አግኝተዋል። ካንዲ ያለች፣ የእነሱን የመሰለ ቤት ልጅ፣ ኮከቧም ከኮከቡ ጋር የገጠመ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ለልጃቸው ጋብቻ ጉዳይ ከባላቸው አሮጌ መኪና፣ ከሞሪስ ማይነሯ፣ በቀር በሌላ ላይሄዱ ምለዋል፤ ሞሪሷ ደግሞ ለዓመታት ቆማ ሞተሯ ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ሱማናፓላ ባስና ልጁ ከኩሩኔጋላ አንድ አሮጌ ሞተር አስመጡ፤ ፈታተው፣ የፒስተኖቹን ፋሻ ቀይረው፣ ያለቀውን አስጠርበው እንደ አዲስ ገጣጠሙት። ነገሩን ልብ በሉልኝ እንግዲህ። ኡዴኒ በገዛ እጇ የምታስነሣው ሞተር የምትወደውን ልጅ እናት ለሌላ ሴት ሽምግልና ይዞ ሊሄድ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ በሰንሰለት ታስሮ ከዋላውዋው ማንጎ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። ኡዴኒ ራሷ አረንጓዴ ቀለም ቀብታዋለች። ከሥሩ ሞሪሷ ኮፈኗ ወልቆ፣ ራዲያተሯ ወጥቶ ትጠብቃለች። እኔ በረንዳው ላይ በመርፌ የተሞላ አፌን ዘግቼ የኩማሪሃሚን ሳሪ እለካለሁ፤ ዓይኔ ግን ግቢው ውስጥ ነው።

«ዝቅ... ዝቅ... ቁም!» ትላለች ኡዴኒ። ሰንሰለቱን የያዘው አባቷ ነው። ሱራንጋ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ካምቢዮውን በክሪክ ደግፏል።

«ጌታው፣ እዚያ ሥር እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አለ ባስ።

«ነቅቻለሁ ባስ!»

«ከነቃህ ካምቢዮውን ትንሽ ቀና አድርገዋ! ፈተና እንደወደቀ ተማሪህ አታስቀረቅረው።»

ሞተሩ ወረደ፣ ወደ ኋላም ተገፋ፤ የካምቢዮው ዘንግ ግን ከፍሪሲዮኑ ጥርስ ጋር አልገጥም ብሎ ጣት የምታህል ክፍተት ላይ ቆመ። ኡዴኒ ክፍተቱን ለማየት በጎማው በኩል ጎንበስ ስትል ፊቷ ከሱራንጋ ፊት ጋር ተገጣጠመ። የእሱ ግንባር ላይ ቅባት ነበረ፣ የእሷም ጉንጭ ላይ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ነገርካቸው?»

«ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።»

«ትናንትም ዛሬ ማታ ብለህ ነበር።»

«ኡዴኒ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እማዬ ስትስቅ ያየሁት በዚህ ሳምንት ነው። መኪናዋ ልትነሣ ነው ብላ ነው የምትስቀው። ምን ብዬ ልጀምርላት?»

«ምን ብለህ እንደምትጀምርማ እኔ አላስተምርህም። ነገ መኪናዋ ትነሣለች፣ ተሞክራ ስታበቃም እናትህ ካንዲ ይሄዳሉ። እኔ የራሴን ሥራ አውቃለሁ። የአንተን ግን ልሠራልህ አልችልም።»

«እንዲህ አትበዪኝ።»

«በል ውጣና መኪናዋን ወዝውዛት፤ ማርሽ ውስጥ ናት።»

ወጥቶ ወዘወዛት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ «ጓ» የሚል ድፍን ድምፅ ተሰማና ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር ተጋጠመ። «ገባች!» ብሎ ሱማናፓላ ባስ እንደ ልጅ ጮኸ። ያንን ድምፅ ኡዴኒ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን በር ፊቷ ላይ የተዘጋ መሰላት፤ ኋላ ራሷ ነገረችኝ።

እስኪመሽ ቡሎኖቹን አጠባብቀው፣ ራዲያተሩንና ኮፈኑን መልሰው፣ ዘይትና ውሃ ሞሉ። እሳት ሰጪዎቹን ካንዴላዎች አውጥተው በማስነሻው ሞተሪኖ ብቻ አሽከረከሩት፤ ዘይቱ ላይ ታች ብሎ መሪው ፊት ያለው የዘይት ምልክት መብራት እስኪጠፋ ድረስ። ኡዴኒ ካንዴላዎቹን መልሳ አንድ ጊዜ ልታስነሣው ፈለገች፤ ማንም መካኒክ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ሞክሮ ማየት ይፈልጋል። ኩማሪሃሚ ግን ከበረንዳው ሆነው እጃቸውን አነሡ።

«አይሆንም። የመጀመሪያ እስትንፋሱ ኮከብ ቆጣሪው ባሉት መልካም ሰዓት ነው የሚሆነው። ከዚያ በፊት ማንም እሳት እንዳይሰጠው።»

«እሺ እሜቴ» አለች ኡዴኒ። ከአባቷ ጋር ሆና ሸራውን በመኪናዋ ላይ ጎትታ አሰረችና ዘወር ብላ ሳታይ ወረደች። ሱራንጋ በሩ ድረስ ሸኛት፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ይህን ልጅ ያን ጊዜ በመቀስ ብወጋው ደስ ባለኝ።

ዓርብ ጠዋት ግቢው አደባባይ መሰለ። በኮኮናት ወተት የተቀቀለው ሩዝ ቀርቧል፣ የሥርዓቱ ኩራዝ በርቷል፣ ሞሪሷም ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ቆማለች። ሱራንጋ ነጭ በነጭ ለብሶ መሪው ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ከልብሱ ይልቅ ነጭ ነበር። አልነገራቸውም። ሳየው ገባኝ፣ ለኡዴኒም ገባት። ጋብቻ አገናኙ ሙዲያንሴ ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ወትፎ ከወዲያ ወዲህ ይላል። መልካሙ ሰዓት ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የራሁ፣ የዚያ የክፉው ኮከብ፣ ሰዓት ይገባል፤ በራሁ ሰዓት እኛ እንኳን መኪና ልናስነሣ በአዲስ መርፌም ክር አናስገባም።

በረንዳው ላይ የተከፈተው ሬዲዮ ሰዓቱን ተናገረ። ኩማሪሃሚ ባላቸውን እያሰቡ መሆናቸው ያስታውቃል፤ መዳፎቻቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመዋል። «በል ልጄ» አሉ።

ሱራንጋ ቁልፉን ከፈተና የማስነሻዋን እጀታ ሳበ። ሞተሪኖው ኽር ኽር ኽር አለ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ አንዲት ብልጭታ፣ አንዲት ሳል እንኳ የለም። ደገመ። ሠለሰ። ሱማናፓላ ባስ ጆሮውን ቀስሮ ቀረበና «እሳት የለውም» አለ በቀስታ፤ ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበረ። ሬዲዮው ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። መልካሙ ሰዓት በእጃችን ላይ አለፈ።

«አቁሙ፣ አቁሙ!» አለ ሙዲያንሴ። «ሞተሩ ምንም አላመመውም። ያመማት ሌላ ናት። በፍቅር ለታወረች ልጅ መኪናችሁን ሰጥታችሁ፣ እንዲህ ተሰናድታችሁ ካንዲ እንድትሄዱላት ትጠብቃላችሁ? እሷ ናት ያስተኛችው! ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እናንተ ብቻ ናችሁ የማታውቁት!»

«ሙዲያንሴ፣ ምላስህን ሰብስብ» አለ ባስ።

«እኔ ምን አጠፋሁ? ያለውን ነው ያልኩት!»

ኩማሪሃሚ ኡዴኒን አዩዋት። ይህ ያሳዝናል እንጂ አይገርምም። ሱራንጋ ግን በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ጥያቄ ነበረ። አንዲት ቅጽበት ናት፣ ወዲያው ዓይኑን ሰብሯል፤ ግን አየኋት፣ እሷም አየቻት። ለካስ አንዲት እይታም ሰው ትገድላለች! ልጅቷ እዚያው ቆማ ከውስጧ የሆነ ነገር ሲወድቅባት ታየኝ።

ኡዴኒ ኮፈኑን ከፈተችና እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሣች። እኔ ከበረንዳው ጀርባዋን ብቻ ነበር የማየው፤ ያየችውን የነገረችኝ ኋላ ነው። ክዳኑ ውስጥ ውሃ ነበረ። ያውም ቢጫ ውሃ። በጣቷ ነክታ አሸተተችው፤ እርድ ነው።

የእርድ ውሃ ለምን እንደሆነ ጋምፖላ ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። ከቀብር ስንመለስ፣ ርኩስ ነገር ቤታችን ሲገባ፣ የማይነካው ሲነካ እሱን ረጭተን እናነጻለን። ይህን ሞተር ደግሞ የነካው የሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው፤ የአባቷና የእሷ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ሸራ ገልጣ የምታነጻ ሴት በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ናት። ኡዴኒ ያን ቢጫ ውሃ እያየች ሁሉም ገባት። ለካ ይወደኛል አይወደኝም ስትል የከረመችበት ቤት እጇን እንኳ አይፈልግም። ቢጫውን ውሃ በመጥረጊያ ጨርቋ አበሰችው።

«እህስ? ምን አገኘሽ?» አሉ ኩማሪሃሚ።

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ያንን ቃል ብትተነፍሰው ስሟ ይጸዳል፣ የአባቷ ስም ይጸዳል፣ ሙዲያንሴም አፉን ይዘጋል።

«ጤዛ ነው እሜቴ» አለች። «ማታ ሸራውን በደንብ አላጠበቅሁትም፣ እርጥበት ገብቶበት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባቷ ራሱን ቀና አደረገ። ሸራውን አብረው ነው ያሰሩት፤ ቋጠሮውን በእጁ ዳስሶ ነው የሄደው። ሊናገር ነበር፤ የልጁን ድምፅ ሰምቶ ተወው። ለምን እንደዋሸች ኋላ ስጠይቃት «የሰው እናት ናቸው፣ በሰው ፊት እንዴት ላዋርዳቸው? ደግሞ የሌላ ሰው አይደሉ፣ የእሱ እናት ናቸው» አለችኝ። እኔ ብሆን አደርገው ነበር? እንጃ። ምላሴን አውቀዋለሁ።

«ይኸው አመነች!» አለ ሙዲያንሴ።

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማን። ሱራንጋ ወጣ። ያ ለሳምንታት ቃል ያነሰው ልጅ አሁን ድምፁ ማንጎው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣ።

«ይብቃ! እማዬ፣ እኔ ካንዲ አልሄድም። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ ፈራሁ። የምወደው ኡዴኒን ነው። ሞተሩን ብታበላሸውም እወዳታለሁ፣ ባታበላሸውም እወዳታለሁ። ከእሷ ሌላ አላገባም!»

እኔ ከንቱ፣ ዓይኔ በእንባ ሞላ። አሁን ሮጣ ደረቱ ላይ ትወድቃለች ብዬ መርፌዬን ጣልኩ። ኡዴኒ ግን በእጇ የያዘችውን መጥረጊያ ጨርቅ ጨብጣ ዞረችበት።

«ብታበላሸውም?»

«ኡዴኒ፣ እኔ ለማለት የፈለግሁት...»

«ያልከውን ሰምቻለሁ። ሱራንጋ፣ ለማን እንደሚነሣ እያወቅሁ ነው ይህን ሞተር የሠራሁት። ፋሻዎቹን እያንዳንዳቸውን እያለቀስኩ አስገብቻቸዋለሁ። ቡሎኖቹን ሁሉ በዚህ እጄ አጥብቄያቸዋለሁ፤ አንዱን እንኳ፣ አንዱን እንኳ አላላሁም! ማላላት አቅቶኝ መሰለህ? ፍቅርህን የምትሰጠኝ ስሜን ነጥቀህ ከሆነ፣ ያዘው፣ ይቅርብኝ!»

ፊቷን በክንዷ ሸፈነች፣ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ሱራንጋ መሬት ብትከፈትለት በገባ ነበር። ስታለቅስ ማንም ሊቀርባት አልደፈረም።

በረንዳውን የወረዱት ኩማሪሃሚ ናቸው። በዝግታ፣ ለካንዲ ያጠፍኩላቸው ሳሪ እየተጎተተ። ጎንበስ ብለው፣ እኚያ ሴት ጎንበስ ሲሉ አይቼ አላውቅም፣ ጨርቁን ከመሬት አነሡት። ዘረጉት። አዩት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ጤዛ» አሉ። «በዚህ ግቢ አርጅቻለሁ፤ ቢጫ ጤዛ ወርዶ አያውቅም።»

«ተዉት እሜቴ» አለች ኡዴኒ። «እባክዎ፣ ይተዉት።»

«አልተወውም! እኔ መዋሸት አልችልበትም፣ ከአንቺም አልማረውም።» ወደ ሁላችን ዞሩ። «እኔ ነኝ። ወፍ ሳይጮህ ተነሥቼ ሸራውን ገልጬ፣ ኮፈኑን ከፍቼ የእርድ ውሃ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ። ከላይ የሚታየውን ጠርጌዋለሁ፤ ውስጥ መግባቱን አላወቅሁም። ለምን እንዳፈሰስኩት ደግሞ ይህቺ ልጅ ገብቷታል። ልጄ ከእሷ ጋር እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። የእሷ እጅ የነካውን ላነጻ ነበር።»

ሱማናፓላ ባስ ሁለት እጆቹን ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ። ይህን ሳይ ልቤ ተሰበረ፤ የዚያ ሰውዬ እጆች ስንት ሰው ከመንገድ ላይ አንሥተዋል። ሱራንጋ አየውና ፊቱን አዞረ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ኩማሪሃሚ፣ «አይተሽው ነበር። ለምን አልተናገርሽም?»

«ልጅዎ እየሰማ አልልም እሜቴ።»

ኩማሪሃሚ ያን ቢጫ ጨርቅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ኡዴኒ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ሞተሩ ተመለሰች፤ ሥራ እንደሆነ አይጠብቅም። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች፣ ገመዶቹን ነቅላ አንድ በአንድ ጠረገች፣ ውስጥ ያለውን እፍ አለችበት፣ መልሳ ገጠመችው። ክዳኑ ጠቅ ሲል ቀና አለች።

«ደርቋል። አሁን ይነሣል።»

«ኧረ በስመ ቡድሃ!» አለ ሙዲያንሴ ሰዓቱን እያየ። «ራሁ ገብቷል! አሁን አስነሥታችሁ ቤቱን ልታፈርሱት ነው? ኮከብ ቆጣሪውን ሌላ ቀን እናስመርጥ...»

«በመልካሙ ሰዓት ያደረግሁትን አይተሃል» አሉ ኩማሪሃሚ። «ራሁ ከዚህ የከፋ ምን ያመጣብኛል? ልጄ ወደ መሪው አይመለስ። አንቺ ግቢና አስነሽው።»

ኡዴኒ አባቷን አየችው። ባስ እጆቹን ከኋላው አወጣና ራሱን ነቅንቆ ፈቀደላት። ገባች፣ የተቀባባ ልብሷ የባላባቱን ወንበር እንዳይነካ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። «ደገፍ በዪ!» አሉ ኩማሪሃሚ። ደገፍ አለች። እጀታውን ሳበች።

ኽር፣ ኽር... ከዚያ ሞተሩ ያዘ! መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ አለ። «ተቃጠለ!» ብሎ ሙዲያንሴ ከበረንዳው ምሰሶ ኋላ ገባ። «ስንገጣጥመው የቀባነው ዘይት ነው፣ ይጠራል!» ብላ ኡዴኒ ጮኸች፤ እውነትም ጠራ። መሪው ፊት ያለው የዘይት ምልክት መብራት ጠፋ። አራቱም ፒስተኖች እኩል መምታት ጀመሩ። ሱማናፓላ ባስ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አስጠጋ። «ልጄ» አለ፣ «ከእኔ በለጥሽ።» ኩማሪሃሚ ያን ድምፅ ሲሰሙ አፋቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ያዙ። የባላቸው መኪና ድምፅ ነበር። ባላቸውን ስንቀብር ያላለቀሱትን ያን ቀን አለቀሱት፤ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን ጠበቅናቸው።

ሲረጋጉ መጀመሪያ የተጠራው ሙዲያንሴ ነው።

«ካንዲ ሄደህ ለሰዎቹ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው በላቸው። በአውቶቡስ ሂድ።»

«እሜቴ፣ እንዲህ ያለ ኮከብ እኮ...»

«ጃንጥላህን ተውልኝ፤ ፀሐይ ነው።» ተቀበሉትና ወደ ባስ ዞሩ። «ሚስትህ ቤት ናት?»

«አለች እሜቴ። ምነው?»

«ለልጄ ጉዳይ ልመጣ ነው። ታስገቡኛላችሁ?»

ኡዴኒ ናት የመለሰችው፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮክ ብላ፣ ዓይኗ እንዳበጠ። «መኪናዋ አትችልም እሜቴ! እንደ አዲስ የተሠራ ሞተር ነው፤ በደንብ ሞቆ፣ ቫልቮቹ ዳግም ታይተው፣ ባዶዋን ሳትነዳ ሰው አይጫንባትም።»

«የማልኩት በሌላ መኪና ላልሄድ ነው፤ እግር አለኝ» አሉና ጃንጥላውን ከፈቱ።

ሱራንጋና ኡዴኒ እየሠራ ካለው ሞተር ግራና ቀኝ ቀሩ፤ ጥለውት መሄድ አይቻልም። እዚያ የተባለውን ያወጣሁት ከስንት ልመና በኋላ ነው።

«አየኸኝ» አለችው።

«አየሁሽ። ይቅር በይኝ። ዳግመኛ በዚያ ዓይን ካየሁሽ ዓይኔ ይጥፋ።»

«ዓይንህ አይጥፋ፣ ይፈለጋል። ወር ሙሉ ዝም ያለው አፍህ ነው ያስቀየመኝ።»

«አሁን ተናገርኩ እኮ።»

«ተናገርክ፤ አበላሽተህ ተናገርክ።» ይህን ስትል ሳታስበው ሳቀች፣ ሳቋም ወዲያው እንባ ሆነ። «ዛሬውኑ ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ግን ና፣ እጅህን እዚህ አድርግ።» የሞተሩ ክዳን ላይ መዳፉን አስቀመጠችው፣ የእሷን በላዩ። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ሁለቱም እጅ መጣ፤ እስኪያቃጥላቸው ድረስ አላነሡትም።

እኔና ባስ ከኩማሪሃሚ ኋላ ኋላ ቁልቁለቱን ወረድን። ዋላውዋው ከተሠራ ጀምሮ ከዚያ ቤት ወደ እኛ መንደር በእግሩ የወረደ የለም። ሱቆቹ ሁሉ በራቸው ላይ ወጡ። ሶማዋቲ፣ የኡዴኒ እናት፣ ከልብስ አጠባዋ ቀና ስትል ኩማሪሃሚ በሯ ላይ ቆመዋል። ሳሙናውን ከእጇ ሳትጠርግ ወንበር ይዛ ሮጠች፣ ወንበሩን በቀሚሷ ወለወለችው። ኩማሪሃሚ ተቀመጡ።

የዋላውዋ ሰው ከእንዲህ ካለ የእጅ ባለሙያ ቤት ውሃ አይቀምስም። ስለዚህ ሶማዋቲ «ምን ላምጣልዎ?» ለማለት እንኳ አልደፈረችም፤ አቅርቦ መመለስ ከአለማቅረብ ይብሳል።

«ሶማዋቲ» አሉ ኩማሪሃሚ፣ «ጠምቶኛል።»

ሶማዋቲ ቀለሟ ተለወጠ። «አሁኑኑ እሜቴ፣ ከሱቅ የጠርሙስ ለስላሳ ላስመጣ። ያልተነካ፣ የታሸገ...»

«የታሸገ አልፈልግም። እናንተ ከምትጠጡት ስጪኝ።»

ከእንስራው በብርጭቆ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበች። ኩማሪሃሚ ተቀበሉ። በዚያው ቅጽበት ኡዴኒ ሞተሩን አጥፍታ በሩ ላይ ደረሰች፣ ከነቅባቷ፣ ሱራንጋ ከኋላዋ። ብርጭቆውን በእሳቸው እጅ ስታይ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ኩማሪሃሚ ዓይናቸውን ከልጅቷ ላይ ሳያነሡ ጠጡ። አልተቻኮሉም። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡ፣ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ መንደሩ ሁሉ አየ።

ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ኡዴኒ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ድገሚኝ።»